ኤል የምትለዋ ፊደል

— ሄሎ?… ሄሎ!… አቤት፣ ማን ልበል?… ማን?… ጮክ ብለህ ተናገር እስቲ፣ መስመሩ ይንጫጫል… ኤርካሎ! ውይ፣ አንተ ነህ እንዴ? ተመስገን! ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ይሄን ስልክ አፍጥጬ እየጠበቅኩት ነው እኮ።

ትዕዛዝ እጀታውን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል አጣብቃ ወንበሯን በእግሯ ወደ ኮምፒዩተሩ ሳበች። የስልኩ ገመድ አጭር ስለሆነ ጠረጴዛውን ትናንት ከዘበኛው ጋር ሆነው ገፍተው ያስጠጉት ለዚህ ጥሪ ሲሉ ነበር።

ወላይታ ሶዶ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ጸሐፊ ሆና ስትሠራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ኤርካሎ የአረካ ልጅ ነው፤ በየቢሮው እየዞረ ኮምፒዩተር ይጠግናል። ባለፈው እሁድ ድንገት ወደ አዋሳ ሄደ። ለምን እንደሄደ ለማንም አልተናገረም። ሲሄድ ግን በጥድፊያ ጎራ ብሎ አንድ ሲዲ ተወላት፤ ስክሪኑ ጠርዝ ላይም ወረቀት ለጠፈላት። «አዲሱ ዲ ላይ ይጫናል። ሲ አይነካም!» ይላል ወረቀቱ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሠምሮበት። ሐሙስ ጠዋት ደውሎ በስልክ እየመራ ሊያስጭናት ቃል ገብቶ ነበር፤ ዛሬ ሐሙስ ነው።

— እንዴት አደርክ? አዋሳ እንዴት ነው?… ደህና፣ እኛ ሁላችንም ደህና ነን… ድምፅህ ምን ሆኗል? ጉንፋን ያዘህ እንዴ?… እሺ፣ እሺ፣ ወደ ሥራው እንግባ… አዎ፣ ሲዲው እጄ ላይ ነው… ምን አልክ?… ሃይሚ? ሃይሚ ማን ናት?… ሄሎ? ትሰማኛለህ?

ከወዲያ በኩል ጫጫታው ብዙ ነበር። በር ይከፈታል ይዘጋል፤ ጎማ ያለው ነገር ወለሉ ላይ እየተንገጫገጨ ያልፋል፤ ሴቶች ይጠራራሉ። ኤርካሎ አጠገቡ ያለች ልጅ ያናገረ መሰላት።

— ግድ የለም፣ ከሷ ጋር ጨርስና ተመለስ… ጨረስክ? እሺ። አበራሁት… ሲዲውን አስገባሁ። ዋጠው… አጥፍቼ እንደገና ላብራ? እሺ።

አንድ ነገር ደግሞ ከነከናት። ይህ ልጅ ሁልጊዜ «እትዬ ትዕዛዝ» ነው የሚላት፤ «እርስዎ» ብሎ ነው የሚያናግራት። ዛሬ ግን «አንቺ» አላት፤ «አጥፊና አብሪ» አላት። አልከፋትም፤ ገረማት እንጂ። ከተማ የገባ ሰው እንዲህ ይሆናል ብላ አለፈችው።

— አንድ መስመር ጻፈ፣ ከላይ በኩል… ማንኛውንም ቁልፍ ተጫን ነው የሚለው። ልጫን?… ውይ! አመለጠኝ፣ ኤርካሎ። አሮጌው ተነሣ… በፍጥነት ነው የምጫነው? እሺ፣ ይቅርታ፣ እንደገና።

አሮጌው የምትለው ዊንዶውስ ዘጠና ስምንት ነው። የልጆቹ መዝገብ የተጻፈበት የአማርኛ መጻፊያ በእሱ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ችግሩ፣ ይኸው ዘጠና ስምንት ከአዲስ አበባ የተላከላቸውን ፍላሽም ካሜራም አያውቅም፤ ቢሰኩበት ዝም ነው። ኤርካሎ ታዲያ መላ አመጣ። አሮጌው ከነመዝገቡ ሲ በሚባለው ክፍል ባለበት ይቀመጣል፤ አዲሱ ኤክስፒ አጠገቡ፣ ዲ በሚባለው ባዶ ክፍል ይጫናል፤ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የትኛውን ልክፈት ብሎ ይጠይቃል። ያኔ በአዲሱ ገብተው መዝገቡን ወደ ፍላሽ ይገለብጡታል። ሰኞ ደግሞ ኃላፊዎቹ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፤ መዝገቡን በፍላሽ እንፈልገዋለን ብለዋል።

የዚህ መዝገብ ሌላ ቅጂ የለም። ባለፈው ክረምት ጣራው አፍስሶ የወረቀት ማህደሮቹ በስብሰው ተጥለዋል። መቶ ሰማንያ ስድስት ልጆች ናቸው። ማን ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ፣ ማን ጉኑኖ ወዳለችው አክስቱ እንደተመለሰ፣ ማን ባሕር ማዶ ለየትኛው ቤተሰብ እንደተሰጠ የሚያውቀው ይሄ ሳጥን ብቻ ነው። እያንዳንዷን ፊደል የመታችው ትዕዛዝ ናት።

— አሁን ደረስኩበት! ሰማያዊ ሆነ… ሙሉ በሙሉ ሰማያዊ። ከታች ጽሑፍ ይሮጣል… ልጠብቅ? እሺ… አቶ ሻንቆ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ትንሽ ይታገሡኝ። ይሄ ሥራ ካላለቀ የሣራን ደብዳቤ ማውጣት አልችልም… አዎ፣ እዚህ ውስጥ ነው ያለው። ፎቶውም አለ።

ይህን ያለችው በወላይትኛ ነው። አቶ ሻንቆ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ከገሱባ ወዲያ ካለ መንደር በመጀመሪያው መኪና ነው የመጡት። የወንድማቸው ልጅ ሣራ ወላጆቿ ሲሞቱ እዚህ ማሳደጊያ ገባች፤ ከአራት ዓመት በፊት ደግሞ ስፔን ላለ ቤተሰብ ተሰጠች። በየዓመቱ አንድ ደብዳቤና አንድ ፎቶ በሲዲ ይመጣል። አቶ ሻንቆ ማንበብ ስለማይችሉ ትዕዛዝ ታነብላቸዋለች። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነበር፤ ትዕዛዝም አይታዋለች፤ ወለሉን በኋላ መጥረግ እንዳለባት አሰበች እንጂ ሌላ ነገር አላሰበችም።

— አለሁ፣ አለሁ… ምን?… የምን ዝናብ?… አይ፣ ኮምፒዩተሩን ምንም አልነካውም። ጣራው እኮ በመስከረም ተሠራ፣ አንተም አይተኸዋል… ትናንት? ትናንት መች ዘነበ? ሦስት ሳምንት ሆነው ጠብ ካለ… እህ? ኤርካሎ? አዋሳ ነው እንዴ የጣለው?

የሴት ድምፅ ከሩቅ አንድ ስም ጠራ፤ ኤርካሎ ደግሞ «እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» የሚል ነገር አጉረመረመ። ትዕዛዝ ግራ ገባት። ኮምፒዩተር ላይ ስትቀመጥ ግን ግራ መጋባት ለእሷ አዲስ ነገር አልነበረም። በታይፕ ያደገች ሰው ናት፤ ይሄን ሳጥን የተማረችው በግዷ ነው። ያልገባትን ነገር ሁሉ ከራሷ ድንቁርና ነው የምትቆጥረው። ኤርካሎ ደግሞ አንድም ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎባት አያውቅም፤ አሥር ጊዜ ብትጠይቀው አሥር ጊዜ ያስረዳታል። እሱ ካለ ልክ ነው።

— ተመለስክ?… እሺ። ጽሑፍ መጥቷል፣ ዌልካም ይላል… ኢንተር። ተጫንኩ… አሁን ረጅም ነገር መጣ፣ ገጽ ሙሉ ነው። ላንብብልህ?… አላንብብ፣ ኤፍ ስምንት ብቻ። ኤፍ… ስምንት። እሺ… ዝርዝር መጣ። አራት ማዕዘን ውስጥ ነው። ከላይ ሲ አለ፣ ከሥሩ ዲ። ከጎናቸው ቁጥር አለ። ላንብብ? ሲ፣ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ሰባ አንድ፤ ነፃ ሦስት መቶ አርባ። ዲ፣ እሱም አሥራ ዘጠኝ ሺህ፤ ነፃውም አሥራ ዘጠኝ ሺህ… ሰማኸኝ?… እሺ ስትል ሰምቻለሁ ማለትህ ነው?… እሺ።

አልሰማትም ነበር። ቢሰማት ኖሮ እዚያው ላይ ይነቃ ነበር፤ ሲ ጢም ብሎ እንደሞላ ቁጥሩ ይናገራል። ትዕዛዝ ግን እሺ ካለ ሰምቷል ብላ ቀጠለች።

— አሁንስ ምን ልጫን?… ዲ? ዲን ልጫን?… እሺ! ወረቀቱም እንደዚያው ነው የሚለው፣ ዲ ነው የሚለው… የትኛው ወረቀት ትለኛለህ እንዴ? አንተ የለጠፍከው ነዋ… እሺ፣ ተጫንኩ።

ፊቷ በራ። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ኤርካሎ የሚላትና ወረቀቱ የሚለው ገጠመላት። ግን የዲ ቁልፍ ዲ የሚባለው ክፍል መምረጫ አልነበረም። ደምቆ የሚታየውን ክፍል ማጥፊያ ነበር። በዝርዝሩ ላይ ደምቆ የሚታየው ደግሞ ከላይ ያለው ሲ ነበር።

— ሌላ ጽሑፍ መጣ። ሲስተም ምናምን ይላል… ዲሊት የሚል አየሁ። ዲሊት ማጥፋት አይደለም እንዴ?… ማጥፋት ነው። መጀመሪያ ይጸዳል… ባዶ ነው?… እሱስ ባዶ ነው፣ ነግረኸኛል። ታዲያ ባዶውን ምን ብለን ነው የምናጸዳው?… እሺ። እሺ፣ አልከራከርህም፣ ሥራው የአንተ ነው። ኢንተር… ተጫንኩ።

አቶ ሻንቆ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልጅቷ ወጣች ወይ ብለው ጠየቁ።

— ገና ናት፣ አቶ ሻንቆ። ሊያልቅ ነው… አቤት፣ ኤርካሎ? ሄሎ?… አሁን ኤል ተጫን ይላል… ኤል የምትለዋን ፊደል። አዎ… አየኋት። ጣቴ እሷ ላይ ነው… ቆይ፣ ቆይ እስቲ። ከላይ የሆነ ነገር ተጽፏል። ሲ ነው የሚለው፣ ኤርካሎ… ሲ! ዲ አይደለም፣ ሲ ነው የሚለው… እየሰማኸኝ ነው?… ምን?… እሱን ተጫኝና ለማን ንገሪ?… አቶ ጉልላት? ኮምፒዩተሩ አለቀ ብዬ ለአቶ ጉልላት ልንገር?… የትኛው አቶ ጉልላት?

በዚያ ቢሮ ጉልላት የሚባል ሰው ኖሮ አያውቅም። ትዕዛዝ ጣቷን ፊደሏ ላይ እንዳሳረፈች ቀረች። ቁልፉ ቀላል ነበር፤ ትንሽ ብትጫነው ይወርዳል። ከኋላዋ አግዳሚው ተንቋቋ። አቶ ሻንቆ ስሙን ሰምተው ተነሥተዋል።

— ምን አሉ፣ አቶ ሻንቆ?… ያውቋቸዋል?… የት ነው የሚሠሩት?… ገሱባ?

ዞር ብላ አየቻቸው። ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው ፊታቸው ላይ ሳይሆን ሱሪያቸው ላይ ነበር። ጭቃው ገና አልደረቀም።

— ትናንት ገሱባ ዘንቦ ነበር?… ሌሊቱን በሙሉ…

ጣቷን አነሣች። እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና በሌላው እጇ ያዘችው፤ እንዳያመልጣት የፈራች ትመስል ነበር። ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ወጣ።

— ኤርካሎ። ኤርካሎ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔን ማን ብለህ ነው የምታናግረኝ?

ጫጫታው ከወዲያ ቀጠለ። ከዚያ ሃይሚ የሚለውን ስም ደገመው፤ አሁን ግን እየጠየቀ ነበር።

— አይደለሁም። ሃይሚ አይደለሁም… ገሱባም አይደለም። ሶዶ ነው የደወልከው። ትዕዛዝ ነኝ… እትዬ ትዕዛዝ ነኝ፣ ኤርካሎ! የልጆቹ ቢሮ!… አልተጫንኩም… አልተጫንኩም አልኩህ!… ኤልን አልተጫንኩም፣ ኢንተርን ነው የተጫንኩት፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ዲን… ኤል ላይ ቆሜያለሁ። እጄ ጭኔ ላይ ነው። አቶ ሻንቆ ቆመው እያዩኝ ነው… በእግዚአብሔር ስም፣ አልተጫንኩም… ሄሎ?… ኤርካሎ?

ትልቅ ሰው ድምፁን ውጦ ሲያለቅስ የሚሰማው ዓይነት ትንፋሽ መጣ። ትዕዛዝ መጀመሪያ መስመሩ የተበላሸ መስሏት ነበር።

— ኤርካሎ፣ እያለቀስክ ነው?… አይዞህ፣ ምንም የጠፋ ነገር የለም። ስሕተት ያጋጥማል… እንዴ፣ ምን ሆንክ?… የት ነህ ያለኸው?… ሆስፒታል? ምን ልትሠራ? ማን ታመመ?… የማርያምወርቅ? ባለቤትህ?… ወይኔ ልጄን! መች ወለደች?

ቃሉ እየተቆራረጠ ነገራት። የማርያምወርቅ ምጡ ቢጠናባት እሁድ ዕለት በኮንትራት መኪና አዋሳ ወሰዳት። ማክሰኞ ሌሊት ወንድ ልጅ ወለደች፤ ልጁ ደህና ነው፤ እሷ ግን ደሟ አልቆም አለ። ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ገባች። እሱ ሁለት ሌሊት አልተኛም። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ደም ሰጥቷል። ለገሱባው ቢሮ በሦስት ሰዓት፣ ለሶዶው በአራት ሰዓት እደውላለሁ ብሎ ቀጠሮ ይዞ ነበር፤ የገሱባዎቹ ትናንት ማታ ዝናብ እየጣለባቸው እንደሆነም ነግረውታል። የገሱባው ኮምፒዩተር ባዶ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ተጠርጎ እንደ አዲስ ይጫንበታል። ሁለቱ ቁጥሮች ማስታወሻው ላይ አንዱ ካንዱ ሥር ተጽፈዋል። ዓይኑ ታችኛው መስመር ላይ አረፈ፤ የሶዶውን መታ፤ ሃይሚ የምትባለው የገሱባዋ ጸሐፊ ያነሣችው መሰለው።

— ለምን አልነገርከኝም? አራት ቀን ሙሉ!… የምን ሥራ ነው? ሰው እንዲህ ሆኖ ሥራ አለ እንዴ?… ቃል ብትገባስ… ቆይ፣ ደም ሰጠህ አልከኝ። ከዚያ ምን በላህ?… ሻይስ?… ምንም! አየህ፣ ለዚህ ነው እኮ የምትቀባዥረው… ደግሞ አሁን እርስዎ ብለህ ይቅርታ አትጠይቀኝ፣ ቅድም አንቺ ስትለኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

አቶ ሻንቆ የሆነውን ለማወቅ ከፊቷ ላይ ዓይናቸውን አልነቀሉም። እጀታውን በመዳፏ ሸፍና በአጭሩ ነገረቻቸው። ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለራሳቸው አንድ ነገር ተናገሩ። ጸሎት ነበር። ኤርካሎ ግን እልህ ይዞት፣ እንግዲያው አሁኑኑ በትክክል እንቀጥል፣ ለሰኞ መድረስ አለበት እያለ ነበር።

— አይሆንም… አይሆንም አልኩህ። ዛሬ አንጭንም… ሰኞ ቢመጡ ይምጡ! አልደረሰም እላቸዋለሁ። ማን ይላቸዋል? እኔ እላቸዋለኋ… የፈለጉትን ይበሉ። መዝገቡን ከፈለጉ ቁጭ ብለው ስክሪኑ ላይ ያንብቡት… አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው፤ ከዚህ ሰማያዊ ነገር እንዴት እንደምወጣ ንገረኝ… ቆይ! አንተ ከመናገርህ በፊት ያለውን ላንብብልህ። አንተ ዝም ብለህ አዳምጥ። ኤል ለማጥፋት፤ ኤስኬፕ ወደ ኋላ ለመመለስ። እንደዚህ ነው የሚለው… አንተስ ምን ትላለህ?… ኤስኬፕ። ገጠመ። እሺ… ተጫንኩ… ዝርዝሩ ተመለሰ። ሲ አለ፤ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ሰባ አንድ፣ ነፃ ሦስት መቶ አርባ… አዎ፣ ያው ነው፣ አልተለወጠም። አሁንስ?… ኤፍ ሦስት ለመውጣት፤ እዚህም ከታች እንደዚያው ይላል… እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ይጠይቃል… ኤፍ ሦስት። ጠፋ!… አይ፣ መጥፋቱ ይሄኛው ደህና መጥፋት ነው፣ አትደንግጥ። ሲዲውን አወጣሁ። ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ሩቅ ነው።

ኮምፒዩተሩ ከጥቁሩ ስክሪን ለመነሣት እንደ ወትሮው ጊዜውን ወሰደ። ከውስጡ የሚሰማውን መንቀርቀር ትዕዛዝ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰምታዋለች፤ እንደ ዛሬ ጆሮዋን ሰጥታው ግን አታውቅም። በዚህ መሐል ከወዲያ በኩል ያቺ ሴት እንደገና ጠራች፤ አሁን ቅርብ ነበረች።

— አንተን ነው?… ሂድ! ሂድ፣ እኔን ምን ትጠብቀኛለህ?… እጠብቃለሁ፣ አልዘጋም።

ስልኩን ሳይዘጋው ኪሱ ውስጥ ከተተው መሰል፤ የጨርቅ መፋተግና የእርምጃ ድምፅ ብቻ ይሰማት ጀመር። ትዕዛዝ እጀታውን ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈች ስክሪኑን አየች። ዘጠና ስምንቱ ተነሣ። ማህደሮቹ እንደነበሩ ተደርድረዋል። ሣራ የሚለውን ከፈተች።

— አቶ ሻንቆ፣ ይምጡ። ወዲህ፣ ወደ እኔ ጠጋ ይበሉ… አዩዋት? እሷ ናት… አዎ፣ ረዝማለች። ይሄ የትምህርት ቤት ቦርሳ ነው… የፊት ጥርሷ? ወልቆ ነው፣ ይበቅላል። ስድስት ዓመት ተኩል ሆናት እኮ… ላንብብልዎት፤ ሰው እየጠበቅኩ ነው፣ ከመጣ አቆማለሁ። «ሣራ ዋና መማር ጀምራለች።» ውኃ ውስጥ… አይ፣ ወንዝ አይደለም፣ ለመዋኛ የተሠራ ነው። «ውሻ ትፈራ ነበር፣ አሁን አትፈራም። ዓሣ ግን አልበላም ብላ በጣም ታስቸግረናለች።»

አቶ ሻንቆ ሳቁ። ሳቃቸው ድንገት ነው የወጣው፤ ራሳቸውም የደነገጡ መሰሉ። ሟቹ ወንድማቸው፣ የልጅቷ አባት፣ ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ በአፉ አዙሮ እንደማያውቅ ነገሯት። ያንን ማን ነግሯት ነው እሷስ የምትጠላው ብለው ጠየቁ። ጣታቸውን ወደ ስክሪኑ ዘርግተው ሳይነኩት መለሱት።

— ሄሎ?… አለሁ! ኤርካሎ፣ ምን አሉህ?… ቀስ ብለህ… ነቃች? ዓይኗን ገለጠች?… አወቀችህ?… ምን አለችህ?… «እህል ቀምሰሃል ወይ» አለችህ! እንግዲህ ሁለት ሆንን! ተመስገን፣ ጌታ ሆይ ተመስገን… ታዲያ ሐኪሞቹ ምን ይላሉ?… ደሙ ቆመ? ጎሽ… ገና ግን ደም ይሰጣታል… ስንት ሰው? ሁለት ሰው ዛሬ ይስጥ አሉህ። እስከ ስንት ሰዓት?… የደሙ ዓይነት የተለየ መሆን አለበት ወይ?… ማንም ይሁን፣ እነሱ በሚስማማት ደም ይተኩታል። ገባኝ። አንተ እዚያ የምታውቀው ሰው አለ?… የለም።

ብዕር አነሣች። የሆስፒታሉን ክፍልና የአልጋውን ቁጥር ያንኑ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ጥግ ላይ ጻፈች፤ ሌላ ወረቀት የምትፈልግበት ጊዜ አልነበራትም።

— ስማኝ። ወንድም አለኝ አዋሳ፣ ቶማ ይባላል። መጋዘን ነው የሚሠራው፣ ግዙፍ ነው፣ በሬ ያክላል። ጓደኞችም አሉት። አሁን ደውዬ እልክልሃለሁ… ይመጣል! እኔ ካልኩት ይመጣል… አትፈር፣ የምን ማፈር ነው? አሁን የምታደርገው ይሄ ነው፤ ወደ ውጭ ወጥተህ ያገኘኸውን ትበላለህ፣ ከዚያ እሷ ጋ ገብተህ በልቻለሁ ትላታለህ… ገሱባ? ገሱባም ዛሬ አትደውል። አቶ ሻንቆ ዛሬ ይመለሳሉ፣ ለአቶ ጉልላትም ለሃይሚም እሳቸው ይነግሩልሃል… አቶ ሻንቆ፣ ይነግሩለታል አይደል?… ቢሮው ድረስ ሄጄ እነግራለሁ እያሉ ነው። በዚያውም እግዚአብሔር ይማርልህ ብለውሃል።

አቶ ሻንቆ ባርኔጣቸውን ወደ ስልኩ አቅጣጫ ከፍ አድርገው ዝቅ አደረጉት፤ ኤርካሎ የሚያያቸው ይመስል።

— አይ፣ ስለ ኮምፒዩተሩ አሁን አታንሣብኝ። እዚህ ቁጭ ብሏል፣ የትም አይሄድም። የማርያምወርቅን ይዘሃት ስትመለስ ራስህ መጥተህ ትጭነዋለህ፣ እኔ አጠገብህ ቆሜ… እሺ። እሺ፣ ሰላም በልልኝ… ኤርካሎ፣ መስመሩን ልቀቅልኝ፣ ቶማ አራት ሰዓት ላይ ከመጋዘኑ ይወጣል፣ አሁን ካላገኘሁት እስከ ማታ አላገኘውም… አዎ… አዎ፣ ዝጋው… አልዘጋኸውም እኮ፣ ትንፋሽህ ይሰማኛል… እንግዲያው እኔ ልዝጋው። አይዞህ።

ዘጋችው። መስመሩ እስኪመለስ እጇን እጀታው ላይ እንዳሳረፈች ሦስት ድረስ ቆጠረች፤ ከዚያ አነሣችውና የቶማን ቁጥር መምታት ጀመረች።